በአንድ የባትሪ ድንጋይ ስንት ኪሎ ይነሣል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምመልሳቸው ጥያቄዎች በሙሉ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው። ተማሪ በእጁ የሚሠራው፣ ራሱ የሚፈትነው፣ ባትሪ የማይጨርስ ኤሌክትሮማግኔት እንዴት ይሠራል? የመጀመሪያውን ደብዳቤ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ። ሌሎቹ ከእሱ ይቀጥላሉ።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን አካባቢ የ8ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። በአንድ ክፍል 60 ተማሪ አለ። ምስማር ላይ ሽቦ ጠቅልዬ በባትሪ ድንጋይ ኤሌክትሮማግኔት አሳያቸዋለሁ። ችግሩ ወደ ሁለተኛው ክፍል ከመግባቴ በፊት ድንጋዩ ይደክማል። ሽቦውም እጅ ያቃጥላል። የሚያነሣው ደግሞ አራት አምስት አግራፍ ብቻ ነው። ጠንካራ ባትሪ ልግዛ? ተማሪዎቹ እየለኩ የሚፈትኑት ነገር ብሠራላቸው ደስ ይለኛል፤ ግን ትምህርት ቤቱ ገንዘብ የለውም።

መልስ፦ መምህር፣ ባትሪውን ይተዉት። ሽቦውን ያስረዝሙት።

ብዙ ሰው ጠንካራ ማግኔት የሚገኘው ብዙ ከረንት በመስደድ ነው ብሎ ያስባል። ግማሹ እውነት ነው። ማግኔቱን የሚያጠነክረው ግን ከረንቱ ብቻ ሳይሆን ከረንቱ በዙሩ ብዛት ሲባዛ የሚገኘው ቁጥር ነው። አንድ አምፒር በ400 ዙር ውስጥ ሲያልፍና አራት አምፒር በ100 ዙር ውስጥ ሲያልፍ ብረቱ ልዩነቱን አያውቅም። ባትሪዎ ግን በደንብ ያውቀዋል።

በቁጥር እንየው። ውፍረቱ 0.5 ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ በየሜትሩ 0.09 ኦም ገደማ ሬዚስታንስ (ከረንትን የመቃወም ባሕርይ) አለው። አንድ ዙር 4 ሳንቲ ሜትር ሽቦ ይፈጃል እንበል። 100 ዙር 4 ሜትር ነው፤ 0.35 ኦም። 400 ዙር 16 ሜትር ነው፤ 1.4 ኦም። ሳይደክም 1.5 ቮልት የሚሰጥ ባትሪ ቢኖረን በ100 ዙሩ 4.3 አምፒር፣ በ400 ዙሩ ደግሞ 1.07 አምፒር ያልፋል። አሁን አምፒሩን በዙሩ ያባዙት። ሁለቱም ወደ 430 ይመጣሉ! የመሳብ አቅሙ ያው ነው። ከባትሪው የሚወጣው ኃይል ግን ከ6.4 ዋት ወደ 1.6 ዋት ወረደ።

እውነተኛው የባትሪ ድንጋይ ሲሆን ልዩነቱ ይብሳል። ድንጋዩ በውስጡ የራሱ ሬዚስታንስ አለው። ለምሳሌ 0.4 ኦም ቢሆን፣ በ100 ዙሩ የሚያልፈው 2 አምፒር ብቻ ነው፤ ሲባዛ 200። በ400 ዙሩ 0.83 አምፒር ያልፋል፤ ሲባዛ 330 ይጠጋል። ስለዚህ ረጅሙ ሽቦ ያነሰ እየወሰደ የበለጠ ያነሣል። እርስዎ ምስማር ላይ ሠላሳ አርባ ዙር ጠቅልለው ከሆነ ከሞላ ጎደል ድንጋዩን በቀጥታ ጫፍ ለጫፍ አገናኝተውታል ማለት ነው። የሚያቃጥለውም ለዚህ ነው።

ሙቀቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለተማሪዎቹ ትልቁ ትምህርት እዚህ ውስጥ ነውና። ማግኔቱ አንድ ጊዜ ብረቱን ከያዘ በኋላ፣ ይዞ በቆመበት ሰዓት፣ በፊዚክስ ቋንቋ ምንም ሥራ እየሠራ አይደለም። የተንቀሳቀሰ ነገር የለም። ታዲያ ባትሪው የሚሰጠው ኃይል የት ይሄዳል? ሙሉ በሙሉ ሽቦውን ለማሞቅ ነው የሚውለው። ለዚህ ነው ቋሚ ማግኔት ያለ ምንም ባትሪ ዓመት ከዓመት ፍሪጅ ላይ ተጣብቆ የሚኖረው። ስለዚህ የክፍሉን ውድድር "ማን ብዙ ኪሎ ያነሣል" ብለው አያድርጉት። "በአንድ ዋት ማን ብዙ ኪሎ ያነሣል" ይበሉት። ያን ጊዜ ሀብታም ልጅ አራት ድንጋይ ደርድሮ መጥቶ አያሸንፍም። አስቦ የጠቀለለው ያሸንፋል።

ይህን መንገድ መጀመሪያ ያገኘውም አስተማሪ ነበር። እንግሊዛዊው ዊልያም ስተርጅን እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ አጋማሽ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ብረት ቫርኒሽ ቀብቶ፣ ባዶ ሽቦ ዙሩ ዙሩን እንዳይነካ አራርቆ 18 ጊዜ ጠቀለለበት። 200 ግራም ገደማ የነበረው ብረት 4 ኪሎ አነሣ። ከዚያ ጆሴፍ ሄንሪ መጣ። በአሜሪካ አልበኒ ከተማ በአንድ አካዳሚ ሒሳብና የተፈጥሮ ፍልስፍና (የዛሬውን ፊዚክስ) ያስተምር ነበር። ፍላጎቱ ከእርስዎ ጋር አንድ ነው፤ በትንሽ ባትሪ ለተማሪ የሚታይ ነገር ማሳየት። እሱ ብረቱን መቀባት ትቶ ሽቦውን በሐር ሸፈነው። ሽቦው ራሱ ከተሸፈነ ዙሩን አጠጋግቶ፣ ድርብ በድርብ እየደራረቡ መጠቅለል ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1831 ለዬል ኮሌጅ የሠራው ማግኔት ከ900 ኪሎ በላይ አንሥቷል። ዛሬ የሐሩን ሥራ ሽቦው ላይ የተቀባው ቫርኒሽ ይሠራልናል።

ወደ ብረቱ እንምጣ። ምስማር ቀጥ ያለ ነው። ስለዚህ የማግኔቱ መስመር ከአንዱ ጫፍ ወጥቶ ወደ ሌላው ጫፍ ለመመለስ በአየር ውስጥ ረጅም መንገድ ይዞራል። አየር ደግሞ ለማግኔት በጣም አስቸጋሪ መንገድ ነው። ብረቱን እንደ ፈረስ ኮቴ ካጠፉትና ሁለቱን ጫፎች በሌላ ብረት ከዘጉት፣ መስመሩ ከብረት ሳይወጣ ዞሮ ይገጥማል። በዚያው ባትሪ ምስማሩ አግራፍ ሲለቅም፣ የታጠፈው ብረት በኪሎ ያነሣል። ሁለቱ የሚገጥሙበት ፊት ግን ጥሩ ሆኖ መሞረድ አለበት። ወደዚህ ጉዳይ በሁለተኛው መልስ እመለሳለሁ።

ዕቃው ከየት ይመጣል? ቤት ከሚሠራበት ቦታ 10 ሚሊ ሜትር ፌሮ ቁራጭ ለምኑ። ፌራዮዎቹ በአንድ ደቂቃ ያጥፉላችኋል፤ ሁለቱ እግሮች እኩል፣ እያንዳንዳቸው 7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢሆኑ ይበቃል። ፌሮ እንዳለ ጠንካራ ስለሆነ ባትሪው ከተነሣ በኋላም ማግኔትነቱን ይዞ ይቀራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከሰል ላይ ፍም እስኪመስል አግሉትና አመድ ውስጥ ቀብራችሁ አሳድሩት። ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ይለሰልሳል። ለመዝጊያው እንደ ፌሮው ወፈር ያለ ጠፍጣፋ ብረት ፈልጉ። ቀጭን ላሜራ አይሆንም፤ ቶሎ ይጠግባል፣ ማለትም ተጨማሪ ማግኔትነት አይቀበልም።

ሽቦውን ሞተር ወይም ዲናሞ ከሚጠቀልሉ ባለሙያዎች በግራም መግዛት ይቻላል። 16 ሜትሩ 28 ግራም ገደማ ነው የሚመዝነው። ከተቃጠለ ቬንቲሌተር ወይም ከአሮጌ ትራንስፎርመር መፍታትም ይቻላል። ቆራሌው ጋ ወይም አዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ምናለሽ ተራ እንዲህ ያለ ነገር አይጠፋም። ጠቁሮ ቫርኒሹ የተላጠውን ግን አይውሰዱ፤ ዙሮቹ እርስ በርስ ይነካካሉ። ፌሮው ላይ መጀመሪያ ወረቀትና ናስትሮ ያልብሱት፤ የፌሮው ጥርስ ቫርኒሹን ይቆርጠዋልና። ከዚያ በአንዱ እግር 200፣ በሌላው 200 ዙር። የሽቦውን ሁለት ጫፎች በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበሩ ፈግፍጓቸው።

አንድ ቦታ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ስትሻገሩ፣ ብረቱ ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ አቅጣጫው ሳይለወጥ እንደሚቀጥል አድርጋችሁ ጠቅልሉ። ከተሳሳታችሁ የሁለቱ እግሮች ማግኔትነት እርስ በርስ ይጠፋፋል፤ ሽቦው ይሞቃል፣ ማግኔቱ ግን የለም። ለማረጋገጥ ኮምፓስ አስጠጉ። አንዱ እግር የመርፌውን ሰሜን ጫፍ ሲስብ ሌላው መግፋት አለበት። ስልክ ውስጥ ያለው ኮምፓስም ይሠራል፤ ግን ስልኩን ከማግኔቱ ራቅ አድርጉት።

መምህር፣ ለ60 ተማሪ አሥር ቡድን ይበቃል። ሁሉም አንድ ዓይነት አይሥሩ። አንዱ ቡድን 100 ዙር፣ ሌላው 200፣ ሌላው 400፣ አንዱ ያልታጠፈ ፌሮ፣ አንዱ ከሰል ላይ ያልጋለ ፌሮ ይያዝ። ያን ጊዜ ውጤቶቹን ጎን ለጎን ሲያዩ መልሱን ራሳቸው ያገኙታል።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የሳይንስ ክበብ አለን። ሦስት ቡድኖች አንድ ዓይነት ኤሌክትሮማግኔት ሠሩ። አንዱ 1.2 ኪሎ፣ አንዱ 2 ኪሎ፣ አንዱ 700 ግራም አነሣ። ያው ሽቦ፣ ያው ዙር፣ ያው ድንጋይ ነው። በማግሥቱ ሲሞክሩ ደግሞ ቁጥሩ ተቀየረ። የቱን እንመን?

መልስ፦ ሁሉንም እመኑ፤ ሁሉንም ጻፉ። ከዚያ ምክንያቱን ፈልጉ።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የሚገጥመው ፊት ነው። አንድ ሙከራ አድርጉ። በማግኔቱና በመዝጊያው ብረት መሃል አንድ ወረቀት አስገቡና ስንት ኪሎ እንደሚያነሣ ለኩ። ከዚያ ሁለት ወረቀት። ከዚያ ሦስት፣ አራት። 500 ወረቀት የያዘው እሽግ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሚወፍር አንዱ ወረቀት 0.1 ሚሊ ሜትር ነው። ይህቺ የፀጉር ያህል ክፍተት ምን ያህል ጉልበት እንደምትወስድ ስታዩ ትደነግጣላችሁ። አሁን ዝገት ያለበት ወይም ጠመም ብሎ የተሞረደ ፊት አስቡ። ያ ቡድን ሳያውቀው ሁለት ሦስት ወረቀት አስገብቷል ማለት ነው። የ700 ግራሙ ቡድን ብረቱን እንደገና ይሞርድ። ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ብርጭቆ ወረቀት አንጥፎ ሁለቱን እግሮች አንድ ላይ ማሸት ከሞረድ የተሻለ ነው፤ እኩል ይሆናሉ።

ለመሆኑ ጣሪያው ስንት ነው? ብረት ውስጥ ያለው የማግኔት መስክ 1 ቴስላ (የመስክ ጥንካሬ መለኪያ ነው) ሲደርስ፣ በየካሬ ሳንቲ ሜትሩ 4 ኪሎ ገደማ የሚያነሣ ኃይል ይኖራል። 10 ሚሊ ሜትር ፌሮ የአንዱ እግር ስፋት 0.8 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በ1 ቴስላ ሁለቱ እግሮች አንድ ላይ 6 ኪሎ ገደማ ያነሣሉ። ስለዚህ 2 ኪሎ ያነሣው ቡድናችሁም ገና መንገድ አለው። ብረት ወደ 2 ቴስላ ሲጠጋ ግን ይጠግባል፤ ከዚያ በኋላ ከረንት ብትጨምሩም ትርፉ ሙቀት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ባትሪው ነው። ድንጋይ ሲሠራ ይደክማል፣ ሲያርፍ ትንሽ ያገግማል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሙከራ ላይ ቮልቴጁንና ከረንቱን በቴስተር ለኩ፤ ማግኔቱ እየሠራ ሳለ ነው የሚለካው፣ ከመብራቱ በፊት አይደለም። ሁለቱን ስታባዙ ዋቱን ታገኛላችሁ። "1.5 ቮልት" ተብሎ ድንጋዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ወስዶ ማስላት የሁላችንም የድሮ ስህተት ነው።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። መዳብ በየዲግሪው ሬዚስታንሱ 0.4 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሽቦው 25 ዲግሪ ከሞቀ ሬዚስታንሱ 10 በመቶ ጨመረ፣ ከረንቱም ቀነሰ ማለት ነው። መጀመሪያ የፈተነና መጨረሻ የፈተነ ቡድን እኩል አይወዳደሩም። በሙከራዎቹ መሃል ሽቦው እስኪበርድ ጠብቁ።

አጫጫኑም ራሱ ያሳስታል። የሜዳ ድንጋይ ወይም መጽሐፍ ማንጠልጠል ይተው። መዝጊያው ብረት ላይ ባዶ የሁለት ሊትር ሃይላንድ እሰሩና አፉን ቆርጣችሁ ቀስ ብላችሁ ውሃ ጨምሩ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ሚዛን አያስፈልግም። የሃይላንዱንና የመዝጊያውን ክብደት ግን መደመር እንዳይረሳ። ከሥር ባልዲ ይቀመጥ። ሲወድቅ እዚያው የቀረውን ውሃ ትለካላችሁ። ማሰሪያው ከመዝጊያው መሃል ቢሆን ነው የሚሻለው፤ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ብረቱ ተላጦ ይለቃል።

አምስት ጊዜ ፈትኑ። አምስቱንም ጻፉ። አንዱ ቁጥር አላምር ስላለ ብቻ መሰረዝ ክልክል ነው። ለክበቡ ይህን ሕግ ብታወጡ ከማግኔቱ በላይ ይጠቅማችኋል ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ከአዳማ ነው የምጽፈው። ልጄ 11ኛ ክፍል ነው፣ ጎበዝ ነው። ስልኩ ላይ ባየው ቪዲዮ ተነሥቶ፣ ሞተር ጀነሬተር ያዞራል፣ ጀነሬተሩ መልሶ ባትሪውን ይሞላል፣ የተረፈው ለቤት መብራት ይሆናል ይላል። 40 ሺህ ብር ስጠኝ ብሎኛል። ብሰጠው ገንዘቤ ያልቃል ብዬ እፈራለሁ፤ ብከለክለው ደግሞ ሞራሉን እሰብራለሁ።

መልስ፦ ጋሼ፣ 40 ሺውን አይስጡት። እንዳይስቁበትም። ከአሮጌ መጫወቻ መኪና የወጡ ሁለት ትንንሽ ሞተሮች፣ አንድ ቴስተርና ሁለት የባትሪ ድንጋይ ይግዙለት።

መጀመሪያ አንዱን ሞተር ብቻውን ይፈትን። ዘንጉ ላይ ክር ጠምጥሞ 100 ግራም ዕቃ አንድ ሜትር ያንሣበት። ሥራው 0.98 ጁል ነው። ያን ጊዜ ስንት ቮልት፣ ስንት አምፒር፣ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ይለካ። ለምሳሌ በ3 ቮልት፣ በ0.5 አምፒር፣ በ4 ሰከንድ ቢያነሣው የገባው 6 ጁል ነው። ከ6 የወጣው አንድ እንኳን አልሞላም፤ 16 በመቶ ገደማ። ቀሪው ሽቦ አሙቋል፣ ጮኋል፣ ተፋትጓል። ይህን ቁጥር እርስዎ አይንገሩት። እሱ ያግኘው።

ቀጥሎ "የእኔ ትልቅና ጥሩ ሞተር ነው የሚሆነው" ማለቱ አይቀርም። ልክ ነው፣ ትልልቅ የፋብሪካ ሞተሮች ከ90 በመቶ በላይ ይደርሳሉ። እንግዲያው ሞተሩም 90፣ ጀነሬተሩም 90 በመቶ ይሁኑለት። አንድ ጊዜ ዞሮ ሲመለስ 81 በመቶ ቀረ። አሥር ጊዜ ቢመላለስ 12 በመቶ ብቻ። ለቤት መብራት የሚተርፍ ቀርቶ ለራሱም አልበቃ።

አንድ ሌላ ነገር በእጁ ይሞክር። የትንሹን ሞተር ሁለት ሽቦዎች ሳያገናኝ ዘንጉን በጣቱ ያሽከርክር። ከዚያ ሁለቱን ሽቦዎች እርስ በርስ አገናኝቶ እንደገና ያሽከርክር። አሁን ይከብዳል። ኤሌክትሪክ ማውጣት ሲጀምር ዘንጉ መልሶ ይገፋዋል፤ ሌንዝ የተባለው ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1834 የጻፈው ሕግ ይኸው ነው። ግድብ ላይ ያሉ ተርባይኖች ያን ሁሉ ውሃ የሚፈልጉት ይህን ግፊት ለማሸነፍ ነው። በነፃ የሚዞር ቢሆን ኖሮ ዓባይን መገደብም ባላስፈለገ።

ልጅዎ ይህን በማሰቡ ሊያፍር አይገባም። ጄምስ ጁል የሚባለውን ሰው ያውቀዋል፤ ስሙን በየቀኑ በመለኪያነት ይጽፈዋል። ጁል በእንግሊዝ ማንቸስተር አጠገብ ሳልፎርድ ውስጥ የቢራ ጠማቂ ልጅ ነበር። ገና 20 ዓመት ሳይሞላው በኤሌክትሮማግኔት የሚሠራ ሞተር እየሠራ፣ የእንፋሎት ሞተርን የሚተካ ኃይል ያወጣል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። ለካው። ደግሞ ለካው። ባትሪው ውስጥ የሚበላው ዚንክ ከድንጋይ ከሰል እጅግ የሚወደድ ሆኖ አገኘው። ተስፋው አልተሳካም። ግን ሲለካ ኃይሉ የት እንደሚጠፋ ጠየቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1841 ባሳተመው ጽሑፍ ሽቦ ውስጥ የሚወጣው ሙቀት ከከረንቱ ካሬና ከሬዚስታንሱ ጋር እንደሚሄድ አሳየ። ያ ሕግ ነው የደብረ ብርሃኑ መምህር ሽቦ ለምን እጅ እንደሚያቃጥል የሚነግረን። ይህን ታሪክ ማታ ራት ላይ ይንገሩት። ከዚያ "በል ለካና ንገረኝ" ይበሉት።

ጥያቄ፦ እኔ እናት ነኝ፣ ከጎንደር። የ10 ዓመት ልጄ ትምህርት ቤት ያየውን ማግኔት ቤት ሠራ። ደስ ብሎኝ ነበር። ትናንት ግን ሽቦውን ሶኬት ውስጥ ሊሰካ ሲል ደረስኩ። አሁንም እየተንቀጠቀጥኩ ነው። ልከልክለው?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ደረሽ። ማግኔቱን አትከልክይው፤ ሶኬቱን ግን ያለ ምንም ድርድር ከልክይው። የቤታችን መብራት 220 ቮልት ነው፤ ድንጋዩ 1.5 ነው። የልጅሽ ሽቦ ሬዚስታንሱ በጣም ትንሽ ስለሆነ ሶኬት ውስጥ መግባቱ ሁለቱን የሶኬት ቀዳዳ በባዶ ሽቦ እንደማገናኘት ነው። ሽቦው ይነድዳል። ልጁን ሊገድለው ይችላል።

የስልክ ባትሪም አይንካ፤ በቀጥታ ከተገናኘ ሊነድ ይችላል። ተራ የባትሪ ድንጋይ ብቻ፣ ቢበዛ ሁለት። ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጡ ትንንሽ የሚያብረቀርቁ ማግኔቶች ካሉት ደግሞ ታናናሾቹ እንዳያገኟቸው አስቀምጫቸው። ሁለት ማግኔት የዋጠ ሕፃን አንጀቱ ውስጥ ተሳስበው አንጀት ሊበሱ ይችላሉ። እንዲህ ከሆነ እስኪወጣ አይጠበቅም፤ ወዲያው ሆስፒታል ነው።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የቴክኒክና ሙያ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ በኤሌክትሮማግኔት የሚዘጋ የበር መቆለፊያ ሞዴል እየሠራሁ ነው። በየእግሩ 400 ዙር አለው። በሩ ተዘግቶ ሲቆይ ባትሪውን ይጨርሳል። አስተማሪዬ ኃይል የሚቆጥብበትን መንገድ አምጪ ብሎኛል።

መልስ፦ ጎበዝ፣ ጥያቄሽ ውስጥ መልሱ ግማሽ አለ፤ "ተዘግቶ ሲቆይ" ብለሻል። ብረቱን ከርቀት ለመሳብ ብዙ ኃይል ያስፈልጋል፤ መሃሉ አየር ነውና። አንዴ ከገጠመ በኋላ ግን መስመሩ በብረት ውስጥ ብቻ ስለሚዞር ለመያዝ የሚያስፈልገው በጣም ያነሰ ነው። አንቺ ግን ለመሳብም ለመያዝም እኩል እየከፈልሽ ነው።

መጀመሪያ ለኪው። በሩን ዝጊና ከረንቱን ቀስ በቀስ እየቀነስሽ በስንት አምፒር እንደሚለቅ እዪ። ከዚያ የምትፈልጊውን ክብደት አንጠልጥለሽ ድገሚው። አሁን በምትጠቀሚበት ከረንትና ከነክብደቱ በሚለቅበት ከረንት መሃል ያለው ልዩነት ልትቆጥቢ የምትችይው ነው።

ቀላሉ መንገድ ከገጠመ በኋላ ሬዚስተር በመሃል ማስገባት ነው። ከሽቦው ጋር እኩል ሬዚስታንስ ያለው ብታስገቢ ከረንቱ በግማሽ ይወርዳል፣ ከባትሪው የሚወጣውም በግማሽ። ግን አስተውዪ፤ ከሚወጣው ግማሹ ሬዚስተሩን እያሞቀ ነው። ለምን ይባክናል?

ሁለት ጥቅል አለሽ እኮ። ሲስብ ጎን ለጎን (ፓራለል) አገናኛቸው፤ ሲይዝ አንዱን ከሌላው አስከትለሽ (ሲሪየስ)። የእያንዳንዱ ሬዚስታንስ 1.4 ኦም ቢሆን፣ ጎን ለጎን 0.7 ኦም ናቸው፤ በ1.5 ቮልት 3.2 ዋት ይወስዳሉ። ተከታትለው 2.8 ኦም ይሆናሉ፤ የሚወስዱት 0.8 ዋት ብቻ ነው። ከረንት ሲባዛ በዙር የሚለው ቁጥር በግማሽ ወረደ፣ ኃይሉ ግን ወደ ሩብ። ሬዚስተርም የለም፣ በእሱ የሚባክንም የለም። ባለ ስድስት እግር ማብሪያ አንድ ይበቃሻል። ሲቀየር ለቅጽበት ስለሚቋረጥ ከባድ ነገር ካንጠለጠልሽ ሊወድቅ ይችላል፤ መጀመሪያ አሸዋ ላይ ሞክሪው፣ እግርሽንም አርቂ። በሚቋረጥበት ቅጽበት ሽቦው የራሱን ቮልቴጅ ይተፋል፤ ብልጭታ ታያለሽ፣ ባዶ ጫፉን ከያዝሽም ይነዝርሻል። በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ አንድ ዳዮድ (ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ከባትሪው ከረንት በተቃራኒው አቅጣጫ አድርጊበት።

የመጨረሻው፣ ባትሪው ሲጠፋ በሩ አልከፈት ካለ አትደንግጪ። ብረቱ ማግኔትነት ይዞ ቀርቷል። በፊቱ ላይ አንድ ድርብ ናስትሮ ለጥፊበት፣ ይለቃል። ናስትሮው ግን የመያዝ አቅሙንም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ያለ ናስትሮና ከነናስትሮው የሚለቅበትን አምፒር ሁለቱንም ለክተሽ ለአስተማሪሽ አሳዪ።